«አፈር አጥንቼ የት እቀጠራለሁ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደቡብ ወሎ የጃማ ልጅ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። የደረሰኝ የአፈር ሳይንስ ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ እናቴም «ምነው ጤና በሆነልሽ» ትላለች። ከቀበሌ ልማት ጣቢያ ሌላ ሥራ አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። ልማት ጣቢያውንም ቢሆን አትናቂው፤ ሁለት ዓመት ማሳ ላይ የዋለ ሰው ገበሬ ሲያናግር ያስታውቃል።

ሌላውን ልንገርሽ። ለምርምር እዚያው ወሎ ውስጥ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የአፈር ላብራቶሪ አለ፣ የተፋሰስና የመስኖ ጥናት የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች አሉ፣ የአበባና የአትክልት እርሻዎችም አፈርና ውሃ የሚያስመረምሩት ባለሙያ ይዘው ነው። ሰሜን ወሎ ያለውን ቆቦ ጊራናን ተመልከቺ፣ ከጉድጓድ ውሃ እየሳቡ ያጠጣሉ፤ መስኖ ባለበት ደግሞ ውሃው በደንብ ካልተንጠፈጠፈ ጨው ወደ ላይ ይወጣል፣ ያንን ቀድሞ የሚያይ ሰው የግድ ነው። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ቀርቶ ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ የመጣበትን ጊዜ አባትሽን ጠይቂያቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ብዙ ቦታ ድኝ እንደሚጎድል ስላሳየ ነው የተቀየረው። ያን ሁሉ ናሙና የሰበሰቡት እንዳንቺ አፈር የተማሩ ልጆች ናቸው። ከደሴ ብዙ ሳይርቅ ማይባር የሚባል የምርምር ጣቢያ ላይም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ጎርፍ ከማሳው ስንት አፈር እንደሚጠርግ ሲለካ ኖሯል።

እውነቱን ለመናገር ማስታወቂያው ብዙ አይደለም፣ ተወዳዳሪው ግን ብዙ ነው። ዲግሪ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሞልቷል። ካርታ መሥራት ቻይ፤ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፣ ላፕቶፕ ባይኖርሽ የግቢው ኮምፒውተር ይበቃል።

ደግሞ ያደግሽበት ጥቁር ዋልካ አፈር ራሱ ትምህርት ቤት ነው። በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ውሃ ቋጥሮ ስንዴውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ለዚህ ነው ሰፊ መደብና ቦይ እያወጡ ውሃውን የሚያጠነፍፉት። በሴሚስተር እረፍት ስትመለሺ፣ አባትሽን አስፈቅደሽ ማሳው ዳር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቆፍሪ። ከላይ ወደ ታች ቀለሙ የት እንደሚለወጥ፣ ሥሩ የት እንደሚቆም ጻፊ። ከየንብርብሩ እፍኝ አፈር አርሰሽ በጣትሽ መሃል እንደ ጥብጣብ ግፊው፤ ሳይቆረጥ ረዝሞ ከወጣ ሸክላው ብዙ ነው። ፎቶ አንሺው፣ ሜትር አጠገቡ አድርጊ። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ያንን ይዘሽ ግቢ።