ከምሳ በኋላ የምትጠጣው ሻይ

"6 ኪሎ ነው የምማረው፣ ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ፣ የካፌው ሽሮና ምስር ነው እንዴ ያመጣብኝ? ቀይ ሥር ጠጪ ይሉኛል" ላልሽው እህቴ። እኔም እዚያው ሰፈር ስማር ይሄው ነገር ነበረብኝ።

ቀይ ሥሩን እርሺው። አይጎዳሽም፣ ግን መልኩ ነው ደም ያስመሰለው እንጂ ያለው አይረን (ሰውነት ደም የሚሠራበት ብረት) ትንሽ ነው።

ሽሮና ምስር ላይም አትፍረጂ። ጥራጥሬውም ጤፉም አይረን አላቸው። ችግሩ ሰውነታችን የእህሉን አይረን እንደ ሥጋው በቀላሉ አለመውሰዱ ነው። በዚያ ላይ ልማዳችን ይታወቃል፣ ምሳ በልተን እጃችን ሳይደርቅ ከግቢው ወጥተን በር ላይ ካሉት ሻይ ቤቶች አንዱ ጋ ቁጭ ነው፣ ሻይና ቡና ደግሞ የበላነውን አይረን ይዘው በደንብ እንዳይገባ ያደርጉታል። ሐኪሟ ስለ ምግቡ ከመጠየቋ በፊት "ሻይ መቼ መቼ ትጠጫለሽ?" ነበር ያለችኝ። ተዪው አልልሽም (ፈተና ሰሞን ያለ ሻይ ማን ያጠናል!)፣ ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፣ ወይ በጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ብዪው። ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲገባ ያግዘዋል። ጾም ካልሆነና ብር ካለሽ ትንሽም ብትሆን ሥጋ ጣል አድርጊበት።

ግን ሁሉም ነገር ከምግብ ነው ብለሽ እንዳትቀሪ። ፔሬድሽ ይበዛል? ጨጓራስ? (ጨጓራ የሌለበት ተማሪ ካለ አሳዩኝ።) የሆድ ትላትልም ደም ይመጥጣል። ስለዚህ በሲቢሲ (በተለመደው የደም ቆጠራ ምርመራ) ብቻ አትመለሺ፣ ፌሪቲን ይታይልኝ በያቸው፣ የተጠራቀመውን አይረን የሚያሳየው እሱ ነው። ሌላው፣ ለሴት ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ከ12 በታች ሲሆን ደም ማነስ ነው የሚባለው ቆላ ላይ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ የሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ስለሚል 12 ከምናምን ወጥቶልሽም ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን ጠይቂው።

ኪኒን ከታዘዘልሽ ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆድም ያደርቃል፣ ውኃ አብዢ። ከወተት ጋር አትዋጪው፣ የጨጓራ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ተናገሪ፣ አንዳንዱ አይረኑን ያስቀራል። ደግሞ ድካሙ ስለለቀቀሽ ብቻ አታቋርጪ፣ ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ያህል ያስቀጥላሉ። የዶርሜ ልጅ "ተሽሎኛል" ብላ ተወችው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ደረጃ መውጣት አቅቷት እንደገና ከዜሮ ጀመረች።