ሮም ውስጥ አንድ ቀን ላላችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ከሲሚንቶና ከብረት ጋር ነው። ሲቪል መሐንዲስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ለአጭር ሥልጠና ወደ ጣልያን ልትሄድ ስትዘጋጅ፣ «ጋሼ፣ ሮም ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ምን ልይ?» አለችኝ። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው። ቀኖቹንና ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«በእግርሽ ሂጂ» አልኳት።

በ1989 እኔም እንደሷ ለሥልጠና ሄጄ አንድ እሑድ ነፃ ሆንኩ። የቱሪስት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ብዙ ቦታ አሳዩን፤ ዛሬ አንዱንም በቅጡ አላስታውሰውም። የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። አውቶቡሱ አንድ አደባባይ ላይ ሲታጠፍ ከዛፎቹ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ግራጫ ድንጋይ አየሁ። ያ የተፈለፈለ መስኮት፣ ያ አናቱ ላይ ያለው ክብ። የአክሱም ሐውልት! ብድግ ብዬ ሹፌሩን እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። «እዚህ ማቆም አይቻልም» አለኝ። በመስኮቱ አንገቴን አዙሬ እስኪሰወር አየሁት። በማግስቱ ሥልጠና፣ ከዚያ አውሮፕላን። በእጄ ሳልዳስሰው ተመለስኩ። ይህ ቁጭት ለዓመታት አልወጣልኝም።

በ2011 ሁለተኛ ዕድል ሲገጥመኝ አውቶቡስ የሚባል ነገር አጠገቡ አልደረስኩም። አሮጌ ጫማዬን አድርጌ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። አዲስ ጫማ ለእንዲህ ያለ ቀን አይሆንም፤ መሐል ሮም ያለው መንገድ በብዛት በጥቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ከሰዓት በኋላ እግር ይበላል።

ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አብዛኛው ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ጥቂት ደቂቃ ብትራመዱ መታሰቢያቸውን ታገኛላችሁ፤ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ድንጋይ ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1937 ያቆሙት እዚሁ ሥር ነበር። በ1938 ዘርአይ ደረስ አንበሳው ፊት ተንበርክኮ፣ ሰይፉን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንበሳው ዛሬ አዲስ አበባ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ወደ ቦታው ተመልሷል። እኔ እዚያች ትንሽ የአትክልት ቦታ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየሁ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ሁሉን ልይ አትበሉ። አንድ ክር ምረጡና እሱን ተከተሉ። ቫቲካንን ለሌላ ቀን ተዉት፤ የሙዚየሙ ሰልፍ ብቻውን ግማሽ ቀናችሁን ይወስዳል። እዚያም የእኛ ታሪክ አለ፤ በግዕዝ የመጀመሪያው የኅትመት መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የታተመው ሮም ነው። ግን ለዚያ ሌላ ቀን ስጡት።

ከተርሚኒ ቁልቁል ሄዳችሁ የጥንት ሮማውያንን ቤተ መቅደስ፣ ፓንቴዎንን፣ እንለፈው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አልፈቅድም። ጉልላቱ 43 ሜትር ስፋት አለው። ኮንክሪት ነው፤ ውስጡ አንድም ፌሮ የለም። ወደ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ቆሟል። እኔ ያለ ፌሮ ተራ ሶሌታ እንኳ አስሞልቼ አላውቅም! ምሥጢሩን ስትጠጉ ታዩታላችሁ። ሥሩ ላይ ከባድ ድንጋይ ቀላቅለው፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እየቀለለ፣ አናቱ ላይ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ገብቶበታል። መሐሉ ክፍት ነው፤ ዘጠኝ ሜትር ያህል። ዝናብ ይገባል። ወለሉን ተመልከቱት፤ መሐሉ በትንሹ ጎበጥ ያለ ነው፣ ውኃው የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎችም አሉት። ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ከላይ የሚገባው የፀሐይ ክብ ግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይታያል። ትከሻችሁን ሸፍኑ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ የብረት ቦኖ አለ፤ አፍንጫ የሚመስል ቧንቧው ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሳል። አፉን በጣታችሁ ድፈኑት፣ ከላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ፊንን ብሎ ወደ አፋችሁ ይመጣል። ይህን ያሳየችኝ ዕቃ ይዛ ከገበያ የምትመለስ አንዲት አሮጊት ናት። ቡናችሁን ቆማችሁ ጠጡ፣ ይረክሳል። ተርሚኒ አካባቢ ኪሳችሁን ጠብቁ።

ከዚያ ካምፒዶልዮ ኮረብታ ላይ ውጡ። መስከረም 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሩጫውን የጀመረው ከዚህ ነው። ከኮረብታው ወርዳችሁ፣ ሰፊውን የጥንት የፈረስ ሜዳ በጎን ትታችሁ ስትሄዱ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። እኔ በአውቶቡስ ያለፍኩበት አደባባይ ነው።

ስደርስ ሐውልቱ የለም። እንደሌለ አውቅ ነበር። በ1947 በተፈረመው ውል በ18 ወር ይመለሳል የተባለው ድንጋይ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ገብቷል፤ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። ቦታው ላይ አሁን ሁለት አጫጭር ዓምዶች አሉ፣ በአሜሪካው የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የለም ብዬ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

አበበም በዚሁ በኩል መጥቷል፤ ጨልሞ፣ በችቦ ብርሃን። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ነበሩ። ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ፈጠነና ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሆኖ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ አትቸኩሉበት። ዳርና ዳሩ ላይ ጥዶች አሉ፤ ፊት ለፊት ኮሎሲየም እየጎላ ይመጣል።

እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር የደረስኩት። ቅስቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ሰዎች ያዩኝ ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ገና አልለቀቀም፤ ከእግሬ ሥር ሞቅ ይል ነበር።