ከነዋናው ማሸጊያው የተገዛ ጠገራ ብር ቢበላሽ ሻጩ ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሐረር፣ ጁገል ነው። ባለፈው ጥቅምት ድሬዳዋ ከሚገኝ ነጋዴ አንድ የቪየና ማምረቻ ያወጣው ጠገራ ብር ከነከፋይ ሳጥኑ፣ እንዲሁም በለስላሳ ፕላስቲክ የታሸጉ ስድስት የውጭ አገር መታሰቢያ የብር ሳንቲሞች ገዛሁ። ደረሰኙ ላይ «ከነዋናው ማሸጊያው፣ ምንም ያልተነካ» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋቸው እንዳይቀንስ ብዬ ሳልከፍት አስቀመጥኳቸው። በሰኔ ስከፍታቸው የጠገራው ጠርዝ ወርቃማና ሰማያዊ ሆኗል፤ ሳንቲሞቹ ደግሞ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ለብሰዋል። በስልክ ስነግረው ነጋዴው «ማሸጊያው የፋብሪካው ነው፣ እኔ አልነካሁትም፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። መብቴ ምንድን ነው? እስከዚያው ላጽዳቸው?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ልመልስ፤ እባክዎ አያጽዷቸው። በየቤታችን የብር ጌጥ በሎሚና በአመድ ማሸት የተለመደ ቢሆንም፣ ለሰብሳቢ የሚሸጥ ሳንቲም እንዲህ ከታሸ በኋላ በገጹ ላይ የሚቀረው ጭረት ፈጽሞ አይጠፋም፤ ዋጋውም ከቀለሙ ለውጥ ይልቅ በዚያ ጭረት ይወድቃል። ከሕግ አንጻር ደግሞ ጉዳቱ ከሚገመተው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዋናውን ማስረጃዎን በገዛ እጅዎ ያጠፋሉ፣ ውሉ ፈርሶ ገንዘብዎ እንዲመለስ ቢጠይቁም ዕቃውን በተረከቡበት ሁኔታ መመለስ ያቅትዎታል። አረንጓዴውን ልባስ ባለሙያ በንጹሕ አሴቶን (ቅባትና ሙጫ በሚያሟሟ ፈሳሽ) ሊያስለቅቀው ይችላል፤ ይህ ግን ምርመራው ከተጠናቀቀ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ቀጥሎ ሁለቱን ዕቃዎች መለየት ያስፈልጋል፤ በሕግ ዓይን እኩል አይደሉምና። ጠገራው ከሺህ 833 እጅ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ከሳጥኑ ጨርቅ፣ ከሙጫውና ከካርቶኑ የሚወጣ ድኝ ያለበት ትነት ከብሩ ጋር ሲዋሐድ በገጹ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሙ ከወርቃማ ወደ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ይለወጣል። የአሜሪካ ማምረቻ ከ1947 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት በካርቶን ሰክቶ በሸጣቸው ስብስቦች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ዛሬ ያን ቀለም ወድደው ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ስለዚህ የጠገራው ጠርዝ ቀለም መያዙ ብቻውን ጉድለት ነው ብሎ ፍርድ ቤትን ማሳመን ከባድ ነው፤ ክርክርዎን በዚህ ላይ እንዳይመሠርቱ እመክራለሁ። አረንጓዴው የሚያጣብቅ ነገር ግን ሌላ ነው። ለስላሳው ፕላስቲክ ፒቪሲ የሚባለው ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነ፣ በጊዜ ብዛትና በሙቀት እየፈረሰ አሲድና ማለስለሻ ፈሳሽ ይለቃል፤ ይህም በሳንቲሙ ውስጥ ያለውን መዳብ ይበላዋል። ይህ የገጽ መበላት ስለሆነ ጉዳት ነው፤ አቤቱታዎም መቆም ያለበት በዚህ ላይ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ቁጥር 2289 ደግሞ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ የታሰበው ዓይነተኛ ጠባይ መጓደሉንም ጉድለት ያደርገዋል። «ምንም ያልተነካ» የሚለው የደረሰኙ ቃል እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። ነጋዴው ቃሉን ማሸጊያው አልተከፈተም ለማለት ብቻ እንደተጠቀመበት ይከራከራል፤ ነገር ግን ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው የሚከፍለው በውስጡ ላለው ሳንቲም ሁኔታ መሆኑን የዘርፉ ነጋዴ ያውቃል። ማሸጊያው የፋብሪካው መሆኑም ከኃላፊነት አያድነውም፤ ዋስትናው ጥፋተኛው ማን ነው በሚል ላይ ሳይሆን በተሸጠው ዕቃ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ክርክሩ የሚከብደው ጊዜው ላይ ነው። ጉዳቱ፣ ወይም ቢያንስ መነሻው፣ ዕቃውን ሲረከቡ እንደነበረ የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ስምንት ወር እርስዎ ዘንድ መቀመጡን አንሥቶ መከራከሩ አይቀርም። ስለዚህ የት እንዳስቀመጡት፣ ከማድቤት ጭስ የራቀ መሆን አለመሆኑን በትክክል ይመዝግቡ፤ የሚጎዳዎትም ቢሆን አይደብቁ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ መውጣቱ አይቀርምና። የድሬዳዋ ሙቀት ከሐረር አየር እጅግ የበረታ መሆኑ እና ሳንቲሞቹ በነጋዴው መደብር ስንት ዓመት እንደቆዩ መታወቁ ለእርስዎ ይረዳል። እያንዳንዱን ሳንቲም ከነፕላስቲኩ፣ ብርሃን ከጎን አስገብተው ፎቶ ያንሡ፤ አረንጓዴው ልባስ ፕላስቲኩ ሳንቲሙን በነካበት ቅርጽ ልክ ከተቀመጠ መንሥኤው ማሸጊያው ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ፕላስቲኩን አይጣሉ። በድሬዳዋ ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያለ የኬሚስትሪ ባለሙያ ከፕላስቲኩ ጥቂት ቆርጦ በጋለ የመዳብ ሽቦ ሲያቃጥለው ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን እንዳለበት፣ ማለትም ፒቪሲ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ይህን ከማስደረግዎ በፊት ግን ነጋዴው እንዲገኝ በጽሑፍ ይጋብዙት፤ ባይመጣ እንኳ ምርመራው በስውር ተደረገ ሊል አይችልም።

ጉድለቱን ያወቁት በሰኔ ከሆነ በስልክ መንገርዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይዘገዩ ማስታወቅዎን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የጉድለቱን ዓይነት፣ ያገኙበትን ቀንና የሚጠይቁትን ዘርዝረው በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩለት፤ የፖስታውን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ሳይከፍቱ ማቆየትዎ ዕቃውን በወቅቱ አልመረመሩም የሚል መከራከሪያ ያስነሣል፤ መልስዎ ማሸጊያውን መክፈት ራሱ የዕቃውን ዋጋ ስለሚቀንስ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ የሚገኝ አልነበረም የሚል መሆን አለበት። በቁጥር 2298 መሠረት፣ ሻጩ ሆን ብሎ ካላሳሳተዎት በቀር፣ ጉድለቱን ካስታወቁበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሱ መብትዎ ይቀራል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅበት 15 ቀን ግን ከግዢው ቀን ስለሚቆጠር አልፎብዎታል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን በተመለከተ፣ ሕጉ ተዋዋዮች የሻጭን ዋስትና እንዲያጠብቡ ይፈቅዳል። ከሽያጩ በኋላ በስልክ የተነገረ ቃል ግን የውሉ አካል አይደለም። ደረሰኙ ላይ ታትሞ ቢገኝ እንኳ፣ ነጋዴው ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከነበረ አይጠቅመውም፤ ፒቪሲ ሳንቲም እንደሚበላ ደግሞ በዚህ ንግድ የቆየ ሰው የሚያውቀው ነው።

አምራቹን መክሰስ አልመክርም። በቁጥር 1952 መሠረት ውል በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ስለሚጸና፣ ከእርስዎ ጋር የተዋዋለው የድሬዳዋው ነጋዴ ነው፤ ውጭ አገር ያለን ማምረቻ ከውል ውጭ ባለ ኃላፊነት መጥራት ከሳንቲሞቹ ዋጋ በላይ ያስወጣዎታል።

ነጋዴው በደብዳቤው ካልተስማማ፣ ተከሳሹ የሚኖረውም ውሉ የተደረገውም ድሬዳዋ ስለሆነ ክሱን እዚያው ችሎት ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያቅርቡ። የሚጠይቁት የስድስቱ ሳንቲሞች ውል ፈርሶ ዋጋቸው እንዲመለስ ቢሆን ይሻላል፤ ጠገራውን ከክሱ ለይተው ያስቀሩት። ክሱ ላይ የደረሰኙን ቅጂ፣ ፎቶዎቹን፣ የደብዳቤውን ግልባጭና የባለሙያውን ውጤት ያያይዙ፤ ሳንቲሞቹን ራሳቸውን ግን ፍርድ ቤቱ እስኪያዝ ድረስ ከነፕላስቲካቸው በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩ።