ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አይጦቹ ከተሻላቸው የእኔስ አፍንጫ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከመጣሁ 6 ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት ሳለሁ አለርጂ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ጠዋት ስነሳ በላይ በላዩ አስነጥሳለሁ። አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ዓይኔን ያሳክከኛል። እናቴ በስልክ «የመከላከል አቅምሽ ደክሞ ነው፣ ዳማከሴ አሽትቺ» ትለኛለች። ሰሞኑን ደግሞ ኢንተርሉኪን የሚባል ፕሮቲን ሲታገድ የአይጦች የአፍንጫ አለርጂ እንደሚበርድ አነበብኩ። ይሄ መድኃኒት ለእኛ መቼ ነው የሚደርሰው? የታዘዘልኝን ስፕሬይ ሦስት ቀን ሞክሬ ስላልሠራልኝ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እናትዎ ካሉት ልጀምር። የመከላከል አቅምዎ አልደከመም። እንዲያውም የማይጎዳዎትን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ እየተዋጋ ነው።

የነገሩኝ ወራት በአካባቢዎ ራግዊድ የሚባለው አረም ብናኙን የሚበትንባቸው ናቸው። በቆዳ ወይም በደም ምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል። አለርጂ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አይጀምርም። ሰውነት ብናኙን ደጋግሞ አግኝቶ «ማወቅ» አለበት። ስለዚህ አዲስ አገር ገብተው ጥቂት ዓመት ከቆዩ በኋላ ማስነጠስ የሚጀምራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በነገራችን ላይ አገር ቤት ገበሬውን ያስመረረው ቅንጨ አረም የራግዊድ የቅርብ ዘመድ ነው። እሱም አፍንጫና ቆዳ ያስቆጣል።

ወደ ኢንተርሉኪን እንምጣ። ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት ጥቃቅን ፕሮቲኖችን በመላላክ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ሳይቶካይን ይባላሉ። ኢንተርሉኪኖችም ከእነሱ ወገን ሲሆኑ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ሲያርፍ የሽፋኑ ሴሎች ኢንተርሉኪን 33ን ይለቃሉ። የአደጋ ጥሪ ነው። ጥሪውን የሰሙ ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ የየራሳቸውን መልእክት ይልካሉ። 4 ቁጥር አይጂኢ የሚባለው አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) እንዲመረት ያዛል። 13 ቁጥር ንፍጥ ያበዛል። 5 ቁጥር ኢኦሲኖፊል የሚባሉትን ሴሎች ይጠራል።

አይጂኢ ማስት ሴል በሚባሉ ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ብናኙ ተመልሶ ሲመጣ ከእነዚህ ሴሎች በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይፈሳል፤ ያስነጥስዎታል፣ ያሳክክዎታል። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ የተጠሩት ኢኦሲኖፊሎች ይደርሱና አፍንጫው ያብጣል፣ ይታፈናል። ሂስታሚንን አግዶ ለማስነጠሱ የሚረዳው ኪኒን መታፈኑን እምብዛም የማይነካው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ካስተማሩን መካከል አይጦች ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። በብዙ ላብራቶሪዎች የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። አይጧ መጀመሪያ የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን ሆዷ ላይ ትወጋለች፤ ሰውነቷ እንዲያውቀው። ከዚያ ያንኑ ፕሮቲን ለቀናት አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ ያደርጉላታል። ቀጥሎ ተመራማሪው ሰዓት ይዞ ይቀመጥና በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንዳስነጠሰች፣ ስንቴ በፊት እግሮቿ አፍንጫዋን እንዳሸች ይቆጥራል። አዎ፣ አይጥም አፍንጫዋን ታሻለች፤ ልክ እንደ እርስዎ።

በ2012 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ የእርስዎኑ ራግዊድ የተጠቀመ ነው። ኢንተርሉኪን 33 የሌላቸው አይጦች ብናኙ ሲሰጣቸው ማስነጠሳቸው ቀነሰ። አፍንጫቸው ውስጥ የሚከማቹት ኢኦሲኖፊሎችም እንዲሁ። ያነበቡት የዚህ ዓይነት ውጤት ይመስለኛል፤ እውነትም ደስ የሚል ነው።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። የላብራቶሪ አይጦች በዘር አንድ ዓይነት ናቸው፤ አለርጂያቸውም በሰው እጅ የተፈጠረ ነው። ኢንተርሉኪን 5ን እንውሰድ። በአይጦች ላይ ሲታገድ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር። በ2000 ቀላል አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን ኢኦሲኖፊሎቹ ቀነሱ እንጂ አስሙ ያን ያህል አልተለወጠም። ያው መድኃኒት፣ ሜፖሊዙማብ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2015 ነው፤ ያውም ኢኦሲኖፊላቸው ለበዛ ከባድ አስም ላለባቸው ሰዎች ብቻ። ትክክለኛውን ታካሚ ለይቶ ለማወቅ 15 ዓመት ፈጀ።

ለሰው የደረሰ ሌላም አለ። ዱፒሉማብ የሚባለው መርፌ 4 እና 13 ቁጥር የሚገቡበትን የጋራ በር ይዘጋል። በ2017 ለቆዳ ኤክዜማ፣ በ2019 ደግሞ የአፍንጫ ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ እባጭ) ላለበት ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመም ተፈቅዷል። ዋጋው እጅግ ውድ ነው። እንደ እርስዎ ላለው ወቅታዊ አለርጂ የሚታዘዝ አይደለም።

አሁን በጣም ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ያ የተዉት ስፕሬይ የስቴሮይድ ስፕሬይ ከሆነ፣ የሚሠራው እነዚሁኑ መልእክቶች በመቀነስ ነው። 4፣ 5 እና 13 ቁጥር ገና ሳይመረቱ ይቀንሳቸዋል። እርስዎ ከአይጦቹ የተመኙት ነገር መደርደሪያዎ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው! ግን ሦስት ቀን አይበቃውም። ሙሉ ውጤቱን ለማየት እስከ ሁለት ሳምንት በየቀኑ መጠቀም ያስፈልጋል። አንገትዎን ትንሽ ወደ ፊት ደፋ ያድርጉ። ለቀኝ አፍንጫ ግራ እጅዎን፣ ለግራው ቀኝ እጅዎን ይጠቀሙ። ጫፉ ወደ መሃሉ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮዎ አቅጣጫ ይዙር። ረጭተው በኃይል አይሳቡት፤ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ይባክናል። የሚቀጥለው ወቅት ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢጀምሩ ደግሞ የበለጠ ይጠቅምዎታል።

አፍንጫ ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ሌላ ናቸው። ከ3 እስከ 5 ቀን በላይ ከተጠቀሙባቸው አፍንጫው ብሶበት ይዘጋል። ዳማከሴውን ማሽተት ክፋት የለውም፤ ጭማቂውን ግን አፍንጫዎ ውስጥ አያንጠባጥቡት።

ትንፋሽ የሚያጥርዎት፣ ደረትዎ ሲር ሲር የሚል ወይም አፍንጫዎ ከአንድ ወገን ብቻ የሚደማ ከሆነ ሳይዘገዩ ይታዩ።

ስፕሬዩን በትክክል ተጠቅመውም ካልበቃዎት ሐኪምዎን ከምላስ ሥር ስለሚቀመጠው የራግዊድ ኪኒን ይጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ ተፈቅዷል። ሰውነት ብናኙን ቀስ በቀስ እንዲለምደው ያደርጋል። የመጀመሪያው ኪኒን ሐኪም ፊት ይወሰዳል፤ ወቅቱ ከመግባቱ ቢያንስ 12 ሳምንት ቀድሞም መጀመር አለበት። ስለዚህ ቀጠሮዎን ሜይ ሳይጋመስ ይያዙ።