ዘርዓ ያዕቆብ ፈጣሪን ክዷልን?

ጥያቄ፦ «ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ» ጾምንና ምንኵስናን ስለሚነቅፍ ኢ-አማኝነትን የሚሰብክ መጽሐፍ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነውን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይደለም። የዚህ የፍልስፍና መጽሐፍ ተራኪ ዘርዓ ያዕቆብ (ንጉሡ ሳይሆን ፈላስፋው) በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ከአክሱም ሸሽቶ በዋሻ ሲኖር፣ መዝሙረ ዳዊትን እየደገመ የሚጸልይ ሰው ነው። ጸሎቴን የሚሰማ አለን ብሎ ይጠይቅና፣ እኔን ወላጆቼ ወለዱኝ፣ እነርሱንስ ማን ወለዳቸው እያለ ወደ ኋላ በመሄድ፣ ማንም ካልፈጠረው ፈጣሪ ዘንድ ይደርሳል። ይህ የመጽሐፉ እጅግ ውብ ክፍል ነውና ደጋግመው ያንብቡት። የሚነቅፈው ሰዎች የእግዚአብሔር ናቸው ያሏቸውን፣ በልቡና ሲመረመሩ ግን የማይጸኑ ሥርዓቶችን ነው፤ በዚህም ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አይምርም። ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ጽፎታል የሚለው፣ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ያነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም።