የእድር ደብተሯን ሳላይ የሸኘኋት ሴት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንዲት ገና የጥብቅና ፈቃድ ያወጣች ልጅ «እትዬ፣ በነጻ ማገልገል ሲቪዬን ከማሳመር ሌላ ምን ይጠቅመኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት። እኛ በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ያለውን በሆዳችን ነበር የምናጉረመርመው። መልሱ ግን በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ አልሆነልኝም።

እኔ ጥብቅና ስጀምር የምንሠራበት የቤተሰብ ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ቁጥር 635ን የዛሬ ተማሪ ሲያነበው ቀልድ ይመስለዋል፤ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው፣ ሚስትም በሕግ ባልተከለከለ ነገር ሁሉ ትታዘዘዋለች ይላል። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ትዳራለች። ፍቺውን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ዳኞች ናቸው። እነሱ ዛሬ ለቅሶ፣ ነገ ሰርግ እያሉ ነገሩን ሲያንከባልሉት ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ የሰው ቤት ትከርማለች። ከሁሉ የሚከፋው የወንጀለኛ መቅጫው ቁጥር 558 ነበር፤ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት አይከሰስም። ቤተሰቧም «ከነውሩ ይሻላል» ብሎ እሺ ይላል።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት በግልጽ አስቀመጠ። የዳኛው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ግን ያው የ1952ቱ መጽሐፍ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የተቋቋመው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነው በዋና ዳይሬክተርነት መሩት። (በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት እሳቸው ናቸው።) ሴቶች ተሰብስበው የአገር ጉዳይ ሲይዙ ያኔ አልተጀመረም። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ለዘማች ቁስለኞች ፋሻ ያዘጋጅ ነበር። የአሁኖቹ ሙግታቸው ከሕጉ ጋር ሆነ እንጂ።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የአርሲዋን ልጅ ጉዳይ ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ስታመልጥ ሲከተላት በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። ማኅበሩ ጠበቃ ቆመላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ጋዜጣውም ሬዲዮውም ያንን አወራ።

እኔ የማነሣላችሁ ግን ማንም ያላወራለትን ነው። እሱም የማኅበሩ ቢሮ የጠዋት አግዳሚ ወንበር ነው። ከ2 ሰዓት ጀምሮ ሴቶቹ ይደረደራሉ። አንዷ ልጅ አዝላለች፣ አንዷ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛለች፣ አንዷ ደግሞ ምንም አልያዘችም፣ ማልቀስ ብቻ። ቃላቸውን ተቀብሎ መጻፍ አሰልቺ ሥራ ነው። እጅ ይደነዝዛል። ታሪኩም ይመሳሰላል፤ «ሠራተኛዬ ናት እንጂ ሚስቴ አይደለችም አለኝ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። የቤተሰብ ሕጉ ይሻሻል የሚለው ክርክር ሲጦፍ ግን ጉልበት የሆነው ያ መመሳሰሉ ነው። አንዲት ሴት ስትናገር «የእሷ ባል ክፉ ሆኖ ነው» ይባላል። የብዙዎቹ ፋይል አንድ ላይ ሲቀመጥ ጥፋቱ የሕጉ መሆኑ ያፈጥጣል።

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ወጥቶ ለፍርድ ቤት ተሰጠ። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው ተባለ፤ ለእኔ ትልቁ አንቀጽ ይኼ ነው። አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን እስኪያወጡ ዓመታት ሄዱ። ጠላፊን በጋብቻ የሚያድነው ድንጋጌ የቀረው ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በዚያው ዘመን፣ በሌላ ቢሮ፣ በሳምንት አንድ ቀን በነጻ አገለግል ነበር። ሐምሌ ነው፤ አንዲት ሴት ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ገባች። ባሏ ከቤት አስወጥቷት «ሠራተኛዬ ነበረች» ይላል። እኔም ቀና ሳልል «የጋብቻ ወረቀት አለሽ?» አልኳት። የለኝም አለች። ስታገኚ ነይ አልኩና ቀጣይዋን ጠራሁ። የነጠላዋን ጫፍ ልትፈታ ስትታገል በዓይኔ ጫፍ አይቻለሁ። ገንዘብ መስሎኝ «በነጻ ነው፣ ግድ የለም» አልኳት።

ከወጣች በኋላ በር ላይ የተቀመጡት ጥበቃ ናቸው የነገሩኝ። የቋጠረችው የእድር ደብተር ነበር፣ አሳይታቸዋለች። ሰውየው በገዛ እጁ «ባለቤት» ብሎ ያስመዘገባት! የጋብቻ ወረቀት ባይኖር እንኳ ሁለቱ ባልና ሚስት ነን እያሉ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ እያወቃቸው መኖራቸው በምስክር ሊረጋገጥ እንደሚችል እኔ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ከዚያ ደብተርና ከእድሩ ዳኛ የበለጠ ምን ማስረጃ ይመጣል? እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ታክሲ ተራው ድረስ ሄድኩ። ስሟን እንኳ አልጻፍኩም ነበር።

ስለዚህ በኔ ዘንድ ወረቀት የሚጠየቀው ቃል ከተጻፈ በኋላ ነው። የምትጽፉትም እሷ ባለችው አፍ ይሁን፤ «ተጠሪ የትዳር ግዴታውን ባለመወጣቱ» የሚለው ለአቤቱታው ይደርሳል።

ገንዘብንም ላንሣ፣ ዛሬ ያለ ፕሮጀክት ሥራ ያለ አይመስላችሁምና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አሰረ። የሴት ጠበቆቹም ማኅበር አብዛኛውን ደመወዝተኛ አሰናበተ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በመሀል ባሉት ዓመታት ማኅበሩን በእግሩ ያቆዩት ሳይከፈላቸው የሚመላለሱት ናቸው። ይህን የምላችሁ ድህነትን ላሞግስ አይደለም፤ የታክሲ ሒሳብ እንዲከፈላችሁ ያለ ኀፍረት ጠይቁ። በወር አንድ ጠዋት ግን ማንም ሳይከፍላችሁ የምትሰጡት ይኑራችሁ፤ እሱን በጀት የሚቆርጥባችሁ የለም።

ያቺ ጠያቂዬ ባለፈው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ዋለች። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ገና ሳትቀመጥ ፌስታሏን ዘርግፋ ወረቀት ትፈልግ ጀመር። ልጅቷ «ይቆይ እማማ፣ መጀመሪያ ይንገሩኝ» አለቻቸው። አራት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ማታ ላነበው ብል የእጅ ጽሑፏ የሐኪም ማዘዣ ሆኖብኝ፣ ሰኞ መልሳ እንድትገለብጠው ልኬላታለሁ።