ውሃው የገባው በላሜራው አይደለም

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልን እህታችን፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። አምና በያጅ ጠርተሽ የበርሽ ግራና ቀኝ ላይ ቻናል (ላሜራው የሚሰካበት የብረት ቦይ) አስመትተሽ፣ ጎርፍ የሚያግድ፣ በክረምት የሚገባ በበጋ የሚወጣ ላሜራ አሠራሽ። ነሐሴ ላይ ጎርፍ መጣና ጉልበት ድረስ ቆመ። መጀመሪያ ጠብታም አልገባም። ቆይቶ ግን ከሁለቱ የታች ጥጎች ይፈስ ጀመር። ሲልከን ሁለት ጊዜ ተቀባ፣ ለውጥ የለም። ውጭው ከጎደለ በኋላም ቤት ውስጥ እስከ ማታ ሲያንጠባጥብ ነበር፤ ያውም ጭቃ ሳይሆን ጥርት ያለ ውሃ። አሁን ላሜራውን ወደ አንድ ሜትር ላስረዝመው ወይ ትያለሽ።

አታስረዝሚው። ከ60 ሴንቲ እንዳታሳልፊው።

በላሜራው ክፍተት የሚገባ ውሃ ውጭው ሲጎድል አብሮ ይቆማል። ያንቺው ግን ተጠራቅሞ የቆየበት ቦታ አለ። በእኔ ግምት ቦታው የብሎኬትሽ ሆድ ነው። ውሃው በልስኑና በብሎኬቱ መሃል ሰርጎ ቀዳዳዎቹን ይሞላል፤ ጭቃው እዚያው ይዘቅጣል፤ ጥርት ያለው ወደ ሳሎን ይወርዳል። እኛ ደሴ ላይ ጎርፍ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ያልፋል እንጂ ብዙም አይተኛም። እናንተ ሜዳ ላይ ግን ሰዓታት ይቆማል፤ ለመስረግ ጊዜ ያገኛል። ለማረጋገጥ ከቻናሉ አጠገብ ልስኑን በመዶሻ እጀታ አንኳኪው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ እሱ ነው።

ፎቶውን ሳየው ደግሞ ቻናሉ ዙሪያ ነጭ ነገር አለ። ጀሶ ነው። እባካችሁ፣ ውሃ በሚነካው ቦታ ጀሶ የሚለጥፍ ባለሙያ ምን ይባላል? ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይረግፋል። ቡሎኑም በፕላስቲክ ፊሸር ልስን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ላሜራውና ቻናሉ የሚገናኙበትን የሚያሽገው ጎሚኒም የመስኮት መስታወት ጎሚኒ ነው፤ ርካሽ ነው፣ አንድ ክረምት ሳይሞላው ይደርቃል።

ስለ ቁመቱ ላስረዳሽ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ውሃ በሩን የሚገፋው በብዛቱ ሳይሆን በጥልቀቱ ነው። ከላሜራው ፊት ያለው የቦርከና ወንዝ ሙሉውን ይሁን አንድ ክንድ ስፋት ያለው ቦይ፣ ከፍታው እኩል ከሆነ ግፊቱ እኩል ነው። 90 ሴንቲ ስፋት ባለው በር 30 ሴንቲ ውሃ ቢቆም ጠቅላላ ግፊቱ 40 ኪሎ ገደማ ነው። 60 ሴንቲ ሲሆን እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው፤ 160 ኪሎ። አንድ ሜትር ሲደርስ 450 ኪሎ፣ አራት ኩንታል ተኩል! ያንን ሁሉ የሚሸከመው ላሜራው አይደለም፤ ቡሎኑና ብሎኬቱ ናቸው። ከበሩ ጎን ያለው ግድግዳም በዚያው ልክ ይገፋል፤ ባዶ ብሎኬት ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። ግፊቱ የሚያርፈውም ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። ስለዚህ የማጠናከሪያው አር ኤች ኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ብረት መሃል ላይ ሳይሆን ከወለሉ 20 ሴንቲ ከፍታ ላይ ይበየድ። ላሜራው 2 ሚሊ ይሁን፤ 1 ሚሊው ይጎብጣል።

ወደ ሥራው። ቻናሉን ንቀይ። በበሩ ግራና ቀኝ ልስኑን በ20 ሴንቲ ስፋት፣ በ70 ሴንቲ ቁመት እስከ ብሎኬቱ ድረስ አራግፊ። የብሎኬቱን ፊት ከላይ ቀድደሽ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ኮንክሪት ሙያቸው፤ በፌሮ እየጠቀጠቅሽ፣ አየር እንዳይቀር። ከዚያ አንድ ሲሚንቶ በሦስት አሸዋ ለስኚው። ደፉ ላይ ያለውን ሴራሚክም አንሺና በሊቬላ የተስተካከለ ኮንክሪት አድርጊበት፤ የሴራሚክ መገጣጠሚያ ቦይ ነው። ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጪው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቡሎን አይግባበት።

ቻናሉን ስትመልሺ ጀርባውን ሲልከን ቀቢና በ10 ሚሊ የብረት ኤክስፓንሽን ቡሎን፣ በየ15 ሴንቲው እሰሪው። ጎሚኒው የመኪና በር ጎሚኒ ይሁን፤ ከመለዋወጫ ሱቅ ታገኚዋለሽ። ጨምቀሽ ውሃ ውስጥ ልቀቂው፤ ውሃ ከጠጣ መልሺው። የሚለጠፈው በቤቱ በኩል ነው፤ ውጭ ያለው ውሃ ራሱ ላሜራውን እንዲያጣብቅልሽ። ያንቺው ተገልብጦ ነው የተለጠፈው።

የመታጠቢያ ቤቱን የወለል ሲፎን አትርሺ፣ በዚያም ውሃ ሊመለስ ይችላል። ውሃ ወደ መብራት ማከፋፈያው ሳይጠጋ ብሬከሩን አውርጂ፤ እጅሽም እግርሽም ደረቅ ሆኖ።

የላሜራው አናት ላይ፣ 60 ሴንቲ ጋ፣ ቀይ መስመር አስምሪ። ውሃው መስመሩን ካለፈ ይግባ፤ እናንተ ቀድማችሁ ውጡ። ለዚህም ላሜራው ከውስጥ በእጅ የሚነሳ ይሁን፣ ቁልፍ አይደረግበት።

ሰኔ ሳይገባ ሞክሪው። ከበሩ ውጭ በአፈር ከረጢትና በላስቲክ ትንሽ ግድብ ሥሪና 30 ሴንቲ ያህል ሙዪ። አንድ ሰዓት ጠብቂ። ጥጉ ከረጠበ ከሲልከኑ በፊት ጎሚኒውን ፈትሺ።